የቆየ ስም ያለው ሸቀጥና የሻጩ ግዴታ

አንድ ሸቀጥ በገበያ ውስጥ ለብዙ ዘመን ስሙ ከታወቀ በኋላ፣ ገዢው የሚገዛው ዕቃውን መርምሮ ሳይሆን ስሙን አምኖ ነው። ምልክቱ የታወቀ ጨርቅ ወይም ምላጭ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲገኝ፣ ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ትናንት ሞክሮ የወደደውን ነገር ዛሬም አገኛለሁ ብሎ ነው። ስለዚህ ስሙን እንደ ነበረ ትቶ ውስጡን የለወጠ ነጋዴ፣ ዕቃው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በቃል ያልተነገረውን ውል አፍርሷል ማለት ነው። ይህንንም ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ ከአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ንግድ ይገኛል። ምሳሌው የፊልም ነጋዴዎችን ብቻ የሚመለከት ይምሰል እንጂ፣ ለአስመጪውም ለላኪውም ለባለሱቁም የሚሆን ትምህርት አለበት።

«ዘ ፊዩጂቲቭ»፣ ማለትም «ኰብላዩ»፣ የተባለው ድራማ በኤቢሲ ቴሌቪዥን ከመስከረም 1963 እስከ ነሐሴ 1967 በአውሮፓ አቆጣጠር ታይቷል፤ ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ድራማውን ያፈለቀው ሮይ ሀጊንስ ሲሆን፣ የዝግጅቱ የበላይ ኃላፊ ኲን ማርቲን ነበር። ታሪኩ ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ያለ በደሉ ሞት የተፈረደበት የዶክተር ሪቻርድ ኪምብል ታሪክ ነው። ሐኪሙን ወደ መቀጫው ይወስደው የነበረው ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ሲገለበጥ፣ እርሱ አምልጦ እውነተኛውን ገዳይ፣ ማለት አንድ እጁ የተቆረጠውን ሰው፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሲፈልግ፤ ጄራርድ የተባለው የፖሊስ መኮንን ደግሞ በበኩሉ እርሱን ሲያሳድድ ይታያል። ዴቪድ ጃንሰን የሐኪሙን፣ ባሪ ሞርስ የመኮንኑን ቦታ ይዘው ተጫውተዋል። የመጨረሻው ክፍል ነሐሴ 29 ቀን 1967 በታየበት ምሽት፣ በአሜሪካ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከፍተው ከነበሩት ቤቶች ውስጥ ከመቶ 72ቱ ይህንኑ ይመለከቱ ነበር። ይህም እስከ 1980 ድረስ በተከታታይ ድራማ ያልተደረሰበት ቁጥር ነው።

ድራማው በጠቅላላው 120 ክፍሎች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያዎቹ 90 በጥቁርና ነጭ፣ የመጨረሻዎቹ 30 በቀለም የተነሡ ናቸው። በዚያን ጊዜ ግን አንድም ሰው ይህ ሥራ በሣጥን ታሽጎ በሱቅ ይሸጣል ብሎ አላሰበም። የቪኤችኤስ ካሴት በጃፓን ለገበያ የቀረበው በ1976 ነውና። ካሴቱም ከመጣ በኋላ ቢሆን ረጅም ድራማን በሙሉ መሸጥ የሚያዋጣ ሥራ አልነበረም። አንዱ ካሴት በተለመደው ፍጥነት የሚይዘው ሁለት ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ካሴት ሁለት ክፍል ቢደርሰው «ኰብላዩ» ብቻውን 60 ካሴት ይፈጅ ነበር። ይህን የሚያስቀምጥ ባለሱቅ፣ ይህንንም የሚገዛ ደንበኛ ከወዴት ይገኛል? ነገሩ የተለወጠው በ1996 በጃፓን፣ በ1997 ደግሞ በአሜሪካ ዲቪዲ በወጣ ጊዜ ነው። አራት ዲቪዲ 15 ክፍል ይዞ በአንድ ቀጭን ሣጥን ሲገባ፣ በየማከማቻው አቧራ ለብሶ የኖረ ድራማ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሸቀጥ ሆነ።

ሸቀጥ በሆነ ጊዜም አንድ የቆየ ጥያቄ ብቅ አለ። ይኸውም የሙዚቃው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። የቴሌቪዥን ድራማ በውጭ ሲታይ አንድ ዕቃ ይመስላል፤ በሕግ ዓይን ግን የብዙ ሰዎች ንብረት አንድ ላይ የተሰፋበት ልብስ ነው። ደራሲው፣ ተዋናዩ፣ ዜማ ደራሲውና ሙዚቃውን ያስቀረጸው ኩባንያ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው መብት ሊኖራቸው ይችላል። በ1960ዎቹ የተጻፉት የሙዚቃ ውሎች በአብዛኛው የሚናገሩት በቴሌቪዥን ስለ ማሳየት ነበር እንጂ ለየቤቱ ቀድቶ ስለ መሸጥ አልነበረም። «ኰብላዩ» ደግሞ በዚህ በኩል የባሰ ነበር። ፒት ሩጎሎ ለዚሁ ድራማ ብሎ ከጻፋቸው ዜማዎች ሌላ፣ ለማንኛውም ፊልም እንዲያገለግሉ ተቀርጸው በየስብስቡ ከሚቀመጡት ሙዚቃዎችም ብዙ ተወስዶ በየክፍሉ ገብቶበታል። ድራማው በአርባ ዓመት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ያንን ሁሉ ቁራጭ ሙዚቃ ከየባለቤቱ ጋር ማስማማት ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል።

መብቱን የያዘው ሲቢኤስ ድራማውን በዲቪዲ ማውጣት የጀመረው በ2007 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ክፍሎች በመልካም ሁኔታ ወጡ። በ2008 የወጣው የሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሣጥን ግን ሲከፈት፣ ሥዕሉ ያው፣ ተዋናዮቹ ያው፣ ንግግሩ ያው ሆኖ ሳለ፣ በየክፍሉ ውስጥ የነበረው ማጀቢያ ሙዚቃ ግን በአብዛኛው ወጥቶ፣ በዘመኑ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተቀነባበረ አዲስ ሙዚቃ ተተክቶበት ተገኘ። ምክንያቱም ያው የመብት ጥያቄ ነበር። ኩባንያው ከክስ ለመዳን የወሰደው ጥንቃቄ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ድራማውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ገዢዎች ዕቃውን እንደ ሌላ ዕቃ ቈጠሩት። አቤቱታቸውም እየበዛ ሄደና፣ በ2009 ኩባንያው ከቀድሞው ሙዚቃ አብዛኛው የተመለሰበትን ዲቪዲ ለገዙት ሰዎች በምትክ እንዲሰጥ ግድ ሆነበት። ከዚያ ወዲያ የወጡትም ሣጥኖች የቀድሞውን ሙዚቃ በብዛት ይዘው ወጡ።

የነጋዴውን ሒሳብ እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኩባንያው በመጀመሪያ አዲስ ሙዚቃ ለማስደረስ ከፈለ፤ ቀጥሎ የቀድሞውን ለመመለስ ደከመ፤ ከዚያም ምትኩን አሳትሞ በራሱ ወጪ ለየገዢው ላከ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ በማናቸውም መዝገብ የማይገባ ኪሳራ ይጨመራል። ይህም ደንበኛው የሚቀጥለውን ሣጥን ከመግዛቱ በፊት እንዲጠራጠር መደረጉ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አስቀድሞ ሊደረግ ይቻል የነበረው ሥራ ዞሮ ዞሮ ሳይቀር ቀረ? አልቀረም፤ ዕጥፍ ዋጋ አስወጥቶ ተሠራ።

በሻጩ በኩል ሆኖ የሚከራከር ሰውም ያለ ምክንያት አይናገርም። የሙዚቃው ፈቃድ ዋጋ ከሽያጩ ትርፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ዕቃው ከነጭራሹ ሳይወጣ ይቀራል፤ ከሚቀር ደግሞ ሙዚቃው ተለውጦ ቢወጣ ይሻላል ይላል። ገዢውም የሚፈልገው የተዋናዩን ፊትና ታሪኩን እንጂ ከበስተኋላ የሚሰማውን ዜማ አይደለም ብሎ ያስባል። የመጀመሪያው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ነው። ብዙ ድራማ በዚህ ምክንያት ከመደርደሪያ ርቆ ኖሯልና። ሁለተኛው ግን በገበያው ራሱ ውድቅ ሆኗል። የዕቃው ዋና ነገር የትኛው እንደ ሆነ የሚወስነው ሻጩ ሳይሆን ገዢው ነው። በርበሬ ሻጭ ቀለሙ ይበቃል ቢል፣ ባለ ወጥዋ የምትፈልገው መዓዛውን ከሆነ ክርክሩ ምን ይረባዋል?

ሦስተኛ መንገድ መኖሩንም ሌላ ድራማ አሳይቷል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በዳናንግ አጠገብ ስለ ነበሩ ነርሶችና ወታደሮች የሚናገረው «ቻይና ቢች» ከ1988 እስከ 1991 በኤቢሲ የታየ ነው። በውስጡ የ1960ዎቹ ዝነኛ ዘፈኖች ሞልተውበት ስለ ነበረ፣ የፈቃዱ ዋጋ አስፈርቶ ለብዙ ዓመታት በዲቪዲ ሳይወጣ ቀርቷል። በመጨረሻ ታይም ላይፍ የተባለው ድርጅት ከየባለ መብቱ ጋር ተዋውሎ ከ200 በላይ ዘፈኖችን እንደያዘ በ2013 አወጣው። ይህ ነጋዴ ዘፈኖቹን እንደ ወጪ ብቻ አላያቸውም፤ የዕቃው ምስጋና አድርጎ በማስታወቂያው ላይ አስቀደማቸው። አንዱ ሊሸሽገው የሚፈልገውን ነገር ሌላው ዋጋ ከፍሎበት መሸጫው አደረገው ማለት ነው።

ዋጋው ከአቅም በላይ የሆነበት ሻጭም ቢሆን ከሐሰት ይልቅ የሚያተርፍ አንድ ነገር ይቀረዋል። እርሱም መናገር ነው። በእንዲህ ያሉ ሣጥኖች ጀርባ ላይ ሙዚቃው ለዚህ እትም ተለውጧል የሚል ቃል ማተም የተለመደ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ በደቃቅ ፊደል ከሕጋዊ ማስጠንቀቂያዎች መካከል ተሸሽጎ ሲገኝ፣ ለጠበቃ እንጂ ለገዢ የተጻፈ አይደለም። በፊት ለፊት፣ ከስሙ ሥር፣ በሚነበብ ፊደል ቢጻፍ አንዳንዱ ገዢ ትቶት ይሄዳል፤ የገዛው ግን አውቆ ገዝቷልና አይመልሰውም፤ ሻጩንም አያማም።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል። አስመጪው ከውጭ አገር ፋብሪካ በቀድሞው ስምና በቀድሞው መጠቅለያ የመጣለትን ዕቃ ውስጡ ተለውጦ ቢያገኘው፣ በባለሱቁና በደንበኛው ፊት የሚቆመው እርሱ ነው እንጂ ፋብሪካው አይደለም። ስለዚህ በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ የዕቃውን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ስሪቱን፣ ልኩንና የተሠራበትን ነገር ዘርዝሮ ማስፈረም፣ ለውጥ ቢኖርም አስቀድሞ እንዲነገረው በውል ማስገባት ይገባዋል። ላኪውም እንዲሁ ነው። በአካባቢው ስም የታወቀ ቡና ከሌላ ቡና ጋር ተደባልቆ በዚያው ስም ቢላክ፣ የሚጎዳው ያ አንድ ጭነት ብቻ አይደለም፤ በስሙ የሚነግደው ሁሉ ነው።

ከዚህም በቀር፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በአገር ውስጥ የተሠሩት የቆዩ ድራማዎችም በአገርና በውጭ ላሉት ወዳጆቻቸው በልዩ ልዩ መንገድ ሊሸጡ የሚችሉ ንብረቶች ናቸው። ይህን ንግድ የሚያስብ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ ያው የአሜሪካኖቹ ጥያቄ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም፣ ለከዋኙም፣ ለድምፅ ቀራጩም መብት ሰጥቷል። ዛሬ አዲስ ድራማ የሚያሠራ ነጋዴ፣ ውሉን ሲጽፍ ነገ የሚመጣውን መሸጫ መንገድ ጭምር አስቦ፣ ለየትኛው አገልግሎት፣ ለስንት ዓመትና በየትኛው አገር እንደ ተፈቀደለት ቢያስጽፍ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ልጁ ወይም ወራሹ ሙዚቃ ፍለጋ አይንከራተትም። ዲቪዲው ራሱ በኢንተርኔት ለሚታየው ፊልም ቦታውን እየለቀቀ መሄዱ ይህንኑ ያጸናል። መሸጫው መንገድ ይለዋወጣል፤ በግልጽ የተጻፈ ውል ግን በየመንገዱ ያገለግላል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሸቀጥም ስም እንዲሁ ከሠሪው ዕድሜ አልፎ ይኖራል። ዴቪድ ጃንሰን በ1980፣ ኲን ማርቲን በ1987 ሞተዋል፤ የሠሩት ሥራ ግን ከሞታቸው በኋላ ገዢ አግኝቷል። ገዢውን ያመጣው ያ የቆየ ስም ነው። ስሙን በእጁ ያስገባ ነጋዴ ገንዘብ ከሚያወጣ ንብረት ጋር ዕዳም አብሮ ተረክቧል፤ ዕዳውም በስሙ የሚጠራውን ዕቃ እንደ ነበረ ማቅረብ፣ እንደ ነበረ ለማቅረብ ካልተቻለም፣ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ልዩነቱን ለደንበኛው በግልጽ መንገር ነው።