ግራፊክስ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የቤት ፕላን የሚነድፍ ወይም ባነርና ቢዝነስ ካርድ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ኮምፒዩተሩ በዘገየ ቁጥር የሚያጣው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛም ይሸሸዋል። ባለቤቱ መፍትሔ ፍለጋ ወደ ሱቅ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር “ፕሮሰሰሩን ቀይር፣ ግራፊክስ ካርድ ጨምርበት” የሚል ነው። ምክሩ ለሻጩ ያዋጣል። ለገዢው ማዋጣቱ ግን አጠያያቂ ነው።

እንደሚታወቀው እነዚህ ዕቃዎች የሚመጡት ከውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ዛሬ ያለ ጥናት የሚገዛ ካርድ የሚያስከትለው ኪሳራ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከግዢ በፊት ሒሳብ መሥራት ይበጃል።

ለአብነት ያህል እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውንና በየቢሮው ያገለገለውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው የኢንቴልን ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው፤ አራተኛው ትውልድ መሰኪያው ስለተለየ አይገባበትም። ኮር አይ5-3470 የነበረው ሰው ከፍ ማለት የሚችለው እስከ ኮር አይ7-3770 ነው። ሁለቱም ባለ አራት ኮር ሲሆኑ ከፍተኛ ፍጥነታቸው 3.6 እና 3.9 ጊጋኸርዝ ነው። ልዩነቱ 10 በመቶ አይሞላም። እርግጥ ነው አይ7ቱ በአንድ ጊዜ ስምንት የሥራ መስመር ስለሚያስኬድ ለቪዲዮ ሥራ ይረዳል። ደብዳቤና ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ግን ለውጡ እምብዛም አይታይም።

ወደ ግራፊክስ ካርዱ ስንመጣ ማነቆው መብራት ነው። የዚህ ኮምፒዩተር ትልቁ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት፣ የትንሹ 240 ዋት ነው። ካርዱ ከሚሰካበት ቦታ ማግኘት የሚችለው ከ75 ዋት አይበልጥም። አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ካርድ ብቻውን 170 ዋት ይፈልጋል፤ አምራቹም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራል። ተጨማሪ የመብራት ገመድ የማይጠይቀው ዓይነት ጂቲኤክስ 1650 ግን በ75 ዋት ይሠራል። በትንሹ ሞዴል ላይ ደግሞ ቁመቱ ያጠረ ካርድ ካልሆነ ሣጥኑ አይዘጋም። ይህን ሳይጠይቅ የሚሸጥ ነጋዴ የሸጠው ካርድ ሳይሆን ችግር ነው።

ሌላም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት የሚጫነው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ባሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ነው። ሦስተኛ ትውልድ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ የኪራይ ሱቅን በራስ ወጪ እንደማደስ ይቆጠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ማነቆውን መለየት ነው። የዕለት ሥራዎን እየሠሩ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ይመልከቱ። 100 በመቶ የሚደርሰው ዲስኩ ከሆነ ኤስኤስዲ፣ ሜሞሪው ከሆነ ራም ይግዙ። ሁለቱም ነፃ ሆነው ፕሮሰሰሩ ወይም ካርዱ ብቻ ከተጨናነቀ ያኔ ስለ እነርሱ ማሰብ ይቻላል። በኢኮኖሚክስ ትምህርት የመጨረሻዋ ብር የምታስገኘው ተጨማሪ ጥቅም የሚባለው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ለወጪው ጣሪያ ማበጀት ያስፈልጋል። አሮጌውን ሸጠው ያገለገለ ባለ ስምንተኛ ትውልድ ለመግዛት ስንት ብር መጨመር እንዳለብዎ ይጠይቁ። የማሻሻያው ወጪ ከዚያ ጭማሪ ግማሹን ካለፈ፣ በእኔ እምነት ማሻሻሉ ቀርቶ ማሽኑን መለወጥ ይሻላል። “እስከ ዛሬ ያወጣሁበትስ?” የሚለው ጥያቄ ከሒሳቡ ይውጣ፤ የወጣ ገንዘብ ወጥቷል፣ ተጨማሪ በማፍሰስ አይመለስም።

ያገለገለ ካርድ ሲገዙም ጥንቃቄ አይለይዎ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢተሪየም በካርድ የሚካሄደውን ማይኒንግ ሲያቆም ቀንና ሌሊት ሲለፉ የኖሩ ካርዶች ለሁለተኛ እጅ ገበያ ተርፈዋል። የካርዱን ታሪክ ከመልኩ ማወቅ አይቻልም። ሱቁ ውስጥ ከባድ ሥራ ሰጥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈትኑት።

ሻጮችም ቢሆኑ የዋቱን መጠን፣ የሚስማማበትን ማሽንና የዋስትናውን ጊዜ ደረሰኙ ላይ ቢጽፉ የሚጎዳቸው ነገር የለም። በቃል የተሰጠ ዋስትና ካርዱ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ገዢውም በጽሑፍ ካልሰጡት ገንዘቡን ከኪሱ ባያወጣ መልካም ነው።