«ኢፍሪትን ጠራሁት!»



ኮልፌ ቀራኒዮ የሚኖሩ አንዲት እናት ከመግሪብ በኋላ ልጃቸው ቴሌቪዥኑ ፊት «ኢፍሪትን ጠራሁት!» ብሎ ሲጮህ ሰሙ። ደንግጠው የፕሌይስቴሽኑን ገመድ ነቀሉና «ልጄ ድግምት ተማረ ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነውና እንመልስ።

ጨዋታው «ፋይናል ፋንታሲ» ይባላል። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን ክፍል ያወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በ1990 በወጣው ሦስተኛው ክፍል ተጫዋቹ ኃያላን ፍጡራንን የሚጠራበት አስማት ተጨመረ። ከሚጠሩት አንዱ የእሳቱ ኢፍሪት ነው። በ2023 የወጣው 16ኛው ክፍልም ያለ እርሱ አልሆነም።

ስሙ ግን የጃፓን አይደለም። በሱረቱ አን-ነምል 39ኛ አንቀጽ እናገኘዋለን። ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) የሰበእን ንግሥት ዙፋን ማን እንደሚያመጣላቸው በጠየቁ ጊዜ፣ ከጂን የሆነ ኢፍሪት ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ሊያመጣው ቃል ገባ። የመጽሐፍ ዕውቀት ያለው ግን ከዓይን እርግብግቢት ፈጥኖ ቀደመው። ሱለይማንም (ዐ.ሰ.) ነገሩን የጌታቸው ችሮታና ፈተና አድርገው ተቀበሉት።

ታዲያ ስሙ ጃፓን እንዴት ደረሰ? የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ተሸክመውት ዞሩ፤ ፈረንሳዊው አንቷን ጋላን ከ1704 ጀምሮ ተረቶቹን ለአውሮፓ ተርጉሞ አሳተመ። በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታም ኢፍሪትን አስገባ። የጃፓን ጨዋታ ሠሪዎች ከዚያ ብዙ ቀዱ። በዚህ ረጅም መንገድ ስሙ ተረፈ፤ ትምህርቱ ግን ወደቀ። በጨዋታው አዝራር የተጫነ ሁሉ ኢፍሪትን ያዛል። ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ግን ከእርሳቸው በኋላ ለማንም የማይገባ ንግሥና ለምነው ነው ጂኖች የተገሩላቸው።

እህታችን ሆይ! ልጅዎ አዝራር ተጫነ እንጂ ድግምት አልተማረም። ሆኖም በዝምታ አይለፉት። አጠገብዎ አስቀምጠው የሱራውን ታሪክ ይንገሩት፤ ለጨዋታውም ሰላትና ጥናት የማይነካ ሰዓት ይወስኑለት።

እኛ ትልልቆቹስ? የልጃችንን ጨዋታ ነቅለን፣ ሕመም ሲጸናብን ወይም ንግድ ሲቀዘቅዝብን በጨለማ የጠንቋይ ደጅ የምንጠና የለንምን? የልጁ ኢፍሪት ገመዱ ሲነቀል ይጠፋል። የእኛው ግን ገንዘባችንንም ኢማናችንንም ይዞ ይሄዳል።

ወላሁ አዕለም።