ላም አለኝ በሰማይ፦ ነገን ማለም ለማን ተተወ?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው፣ በማይጨበጥ ተስፋ የሚኖረውን ሲተርትበት። እኛም ይህንኑ ተረት ከሃያ ዓመታት በፊት በአንድ ወጣት ጽሑፍ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈን መልሰንለታል። ያ ስሕተት የእኛ የግል ስሕተት ብቻ እንዳልነበረ ዘግይተን ተረድተናልና፣ ዛሬ በዚህ ገጽ ከክቡራን አንባቢያን ጋር ልንወያይበት ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ የግል ጋዜጣ ስንሠራ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በእጁ የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ ይዞ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2050 ዓ.ም. ነው። አንድ ዳኛ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ ይፈርዳል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ፍርዱን ሰምቶ፣ ሥልጣኑን አስረክቦ፣ በታክሲ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሞተ የለም፤ የታሰረ የለም፤ ታንክም አልወጣም። ባለ ታክሲው እንኳ ሒሳቡን አልተወለትም። አንብበን ሳቅን። «አንባቢያችን የሚፈልገው ትኩስ ፖለቲካ ነው፤ ለተረት ቦታ የለንም» ብለን ሸኘነው። ከምርጫ 97 በኋላ ጋዜጣውም ተዘጋ፤ እኛም ተሰደድን። ልጁ የት እንደ ደረሰ አናውቅም።

ይህንን ያስታወሰን በምንኖርባት በካልጋሪ ያገኘነው አንድ ስብስብ ነው። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቦብ ጊብሰን በተባለ ካናዳዊ አንባቢ ስም የተሰየመ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ስብስብ አለው። ከ30,000 በላይ መጻሕፍትና መጽሔቶች ይገኙበታል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ከመጽሔቶች ላይ ታሪኮችን እየቆረጠ፣ በገዛ እጁ እየጠረዘ ያስቀምጥ ነበር። አንድ አንባቢ ለነገ ታሪኮች ይህን ያህል ክብር ሲሰጥ፣ እኛ ግን ዕድሜያችንን በሙሉ ስንቆርጥና ስናስቀምጥ የኖርነው የትናንትን ወሬ ነበር።

ከካልጋሪ በስተደቡብ ምሥራቅ በመኪና ጥቂት እንደ ተጓዙ ደግሞ ቨልካን የምትባል የስንዴ ገበሬዎች ከተማ ትገኛለች። ስሟ ከጥንት ሮማውያን የእሳት አምላክ የተወሰደ ነው። ኋላ «ስታር ትሬክ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ውስጥ በዚሁ ስም የምትጠራ ፕላኔት ስለ ነበረች፣ ከተማይቱ በ1995 እ.ኤ.አ. የጠፈር መርከብ ሐውልት በመግቢያዋ አቆመች። የፊልሙ አፍቃሪዎችም ከየአገሩ ይጎበኟታል። ይኸው ፊልም ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ሊቋረጥ ሲል ያተረፈው ኩባንያው አልነበረም፤ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. ክረምት ደብዳቤ ያጎረፈው ተመልካች ነው። በፊልሙ ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ የነበራትን ጥቁር ሴት የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስም ሥራውን ልትተው ስትል፣ እንዳትተው የለመናት ማርቲን ሉተር ኪንግ እንደ ነበረ ራሷ ተናግራለች። በዚያ የመብት ትግል ዘመን፣ አንዲት ጥቁር ሴት በነገው ዓለም ውስጥ ቦታ ያላት ሆና መታየቷ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታላቁ የትግል መሪ ተገንዝቦ ነበር።

እንግዲህ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ስለ ነገ የሚያወራ ቢመስልም፣ ውስጡ ሲታይ የዛሬው አንባቢ የሚፈራውና የሚመኘው ነገር ነው። ኅብረተሰብ ሲለወጥ ዘውጉም ይለወጣል። ገዥዎችም ይህንን ስለሚያውቁ ዘውጉን በንቀት አያልፉትም። ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን ሰዎች በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠሩባትን የነገ አገር የገለጸበትን «እኛ» የተሰኘ ልብ ወለድ በ1920 እና በ1921 እ.ኤ.አ. ጻፈ። መጽሐፉ በ1924 በኒው ዮርክ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ በገዛ አገሩ ግን ለመታተም እስከ 1988 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ነበረበት። ደራሲው ከዚያ በፊት በ1937 በፓሪስ በስደት ሞቷል። ቻይናም በ1983 እ.ኤ.አ. «መንፈሳዊ ብክለት» ባለችው ላይ ዘመቻ ስታውጅ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከተመቱት አንዱ ነበር። ነገር ግን በቼንግዱ ከተማ የሚታተም መጽሔትና ታማኝ አንባቢዎቹ ዘውጉን አቆዩት። በ2015 እ.ኤ.አ. ሊዩ ሲሺን ከባህል አብዮት ቁስል በሚነሳው «የሦስቱ አካላት ችግር» ልብ ወለዱ የሁጎን ሽልማት አገኘ።

ለመሆኑ የእኛስ? ኢትዮጵያዊው አንባቢ ስለ ነገ አያነብም ነበር ማለት አይቻልም። እንዲያውም ጥንታዊ የሆነ የነገ ታሪክ አለን። ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነግሥ ይተነብይ ነበርና፣ የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የመረጡት ስም ይህንኑ ነው። በዘመነ መሳፍንት የተሰቃየው ሕዝብ የሚጠብቀውን ታሪክ ካሣ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አድማጩ ታሪኩን ሠራ፤ ታሪኩም ንጉሡን ሠራ። ይህ የትንቢት ልማድ ግን አንድ ነገር አስተምሮን አልፏል፦ ነገ የሚመጣ እንጂ የሚሠራ እንዳልሆነ።

መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አቤ ጉበኛ መጣ። ከታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ። ገና በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ፣ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይከራከራል። ይህ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ድንቅ የምናብ ሥራ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትም መጽሐፉን አገደው። የዚያን ዘመን አንባቢ በፍርሃትና በሹክሹክታ የኖረ ስለ ነበር፣ የነገ ታሪኩም እምቢታ ሆነ። መወለድን እንኳ እምቢ ማለት!

አብዮቱ ሲመጣ ነገ ራሱ ተወረሰ። ሳንሱሩ በጠበቀበት በዚያ ዘመን ስለ መጪው ጊዜ የመናገር መብት የነበረው መንግሥት ብቻ ነበር። ደርግ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅዱን ያበሰረው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ በሚረግፍበት ሰዓት እንደ ነበረ የዘመኑ ሰዎች አንረሳውም። የዚያን ዘመን ታላቁ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተጻፈው በደራሲ ሳይሆን በዕቅድ ኮሚቴ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ከዚያ በኋላ የመጣውም መንግሥት ቢሆን በ2003 ዓ.ም. «የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ» ብሎ ነገን በገበታ ከፋፍሎ አቀረበልን። ጋዜጠኛው ግን ስለ ዛሬ በመጻፉ ይታሰር ነበር።

በዚህ መካከል በ2002 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ታተመ። ንጹሕ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሐያስያን እንተወው። በባሕር ማዶ ያለ ኢትዮጵያዊ የሳይንስ ሊቅ፣ የውጭ አገር ሰላዮች፣ የጣና ገዳማትና የተሰወረ ጥበብ በአንድነት የተፈተሉበት ይህ መጽሐፍ በተደጋጋሚ ታተመ፤ «ራማቶሓራ»ም ተከተለው። በየታክሲው፣ በየካፌው ወጣቱ ሲያነበው ነበር። ለምን? እኛ እንደምናምነው መጽሐፉን አንባቢው ራሱ ስለ ጠራው ነው። ምርጫ 97 ተስፋውን የቀበረበት፣ የተማረ ወገኑ በገፍ ሲሰደድ ያየ፣ የዓለም ጭራ ናችሁ መባል የሰለቸው ትውልድ፣ «የሄዱት ይመለሳሉ፤ የተሰወረው ጥበባችን ይገለጣል» የሚለውን ታሪክ ተጠምቶ ነበር። ደራሲው ጥማቱን አወቀ። ይህ ሊመሰገንበት የሚገባ ነው።

ሆኖም እኛ አንባቢዎቹ ራሳችንን እንጠይቅ። ከቴዎድሮስ ትንቢት እስከ ጣና ምስጢር ድረስ የምንወደው የነገ ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፦ የሚመጣ ጀግና፣ የሚገለጥ ሀብት። የሚሠራ ፍርድ ቤት የለበትም። ወረፋ የሚያከብር ሆስፒታል የለበትም። ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሹም የለበትም።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንበት። ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት ለአንድ የአገር ውስጥ ሬዲዮ፣ በሰባት ዓመታቸው እናታቸው ቤተ መንግሥት እንደሚገቡ እንደ ነገሯቸው ተናግረው ነበር። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ይህ ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስና በሚኒያፖሊስ አዳራሾችን የሞላው የእኛው ስደተኛ ወገን ነበር። እኛም ከእነዚያ አንዱ ነበርን፤ በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ቆመን አልቅሰናል። «ሕጉ የት አለ? ነገ ሰውየው ቢለወጥ የሚያግደው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀውን ሟርተኛ አልነው። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ አገር ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገባች። ለምን እንደዚያ በቀላሉ አመንን? ጀግናው ይመጣል የሚለውን ታሪክ ብቻ ስናነብ ስለ ኖርን ነው። ሌላ ዓይነት ነገ በምናባችን ውስጥ አልነበረምና ልንጠይቀው አልቻልንም።

ተቃዋሚውስ ቢሆን? ገዥዎች ነገን በዕቅድ ሲወርሱት፣ እኛ ደግሞ ትናንትን ወርሰን ተቀመጥን። በየስብሰባው የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ እንተርካለን። ምን መፍረስ እንዳለበት እናውቃለን። ካፈረስን በማግሥቱ ጠዋት ቀበሌው በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ግን አንድ ገጽ የጻፈ የለም።

«አገር እየደማ ስለ ጠፈር መርከብ ታወራላችሁ?» የሚሉን ወዳጆች እንዳሉ እናውቃለን። ቁጣቸው ይገባናል። ነገር ግን ስለ መርከብ አይደለም የምናወራው። በ2015 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም ፊልም ፌስቲቫል የታየው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያውያን ተዋንያን የተሠራ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ግን ስፔናዊ ነው። በፊልሙ ውስጥ አገራችን ዓለም ካለቀ በኋላ የምትቀር ፍርስራሽ ሆና ትታያለች። የሰውየውን ጥበብ አንነቅፍም። ግን የነገ መልካችንን እኛ ካልሣልነው ሌላው እንደሚሥለው ያሳየናል። ሌላው ሲሥለን ደግሞ የሚታየው ፍርፋሪያችን ነው።

ባለፈው ዓመት በዚህ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ በምናስተምርበት ክፍል፣ «ኢትዮጵያ ከሃምሳ ዓመት በኋላ» በሚል ርእስ ጻፉ አልናቸው። አብዛኞቹ ላሊበላንና የፋሲል ግንብን ጻፉ። ሃምሳ ዓመት ወደ ፊት ሂዱ ስንላቸው ስምንት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዱ፤ ያስተማርናቸው ይህንኑ ነውና አልፈረድንባቸውም። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን በተሰባበረ አማርኛዋ እንዲህ የሚል ጻፈች፦ አያቷ ደሴ ሆስፒታል ትገባለች፤ መብራት አይጠፋም፤ ሐኪሙ በሰዓቱ ይመጣል፤ አያቷ ድና ትወጣለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ልጆች «ይህ ምኑ ታሪክ ነው?» ብለው ሳቁ። እኛ አልሳቅንም። ያ በቀይ እስክሪብቶ የሸኘነው ተማሪ ትዝ ብሎን ነበር።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በአገር ውስጥ ያላችሁ ወጣት ደራስያን፣ የነገን ታሪክ ጻፉ፤ ሰምና ወርቅ ባስተማረን ቋንቋ መጪው ዘመን ጥሩ ሰም ይሆናል። በውጭ ያለን ደግሞ ገዝተን እናንብብ፤ እናሳትም፤ አንባቢ ያልጠራው ዘውግ አይወለድምና። ጀግና ሲመጣልን ብቻ አናጨብጭብ፤ ሹሙ በታክሲ ወደ ቤቱ ሲሄድም እናጨብጭብ። ለዚያም ተማሪ፣ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ይህንን የሚያነብ ከሆነ፣ ጽሑፉን እንዲልክልን በትሕትና እንጠይቀዋለን። በ1990ዎቹ ቦታ የለንም ብለነው ነበር፤ አሁን አለን።

ቸር ይግጠመን።

ካልጋሪ፣ ካናዳ