መጀመሪያ የሚወጣው ባንድ

በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሀደሮ ኮንሰርት ሲዘጋጅ ሁሉም የሚያውቀው ያልተጻፈ ሕግ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣው ድምፃዊ ሲመሽ ይወጣል። የአገሩ ልጆች ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሜዳው ሳይሞላ፣ ሞንታርቦው ገና እየተፈተሸ ሁለት ዘፈን ተጫውተው ይወርዳሉ። ማሟሟቂያ ናቸው። አዘጋጁ ሰዓት መግፊያ ያደርጋቸዋል፣ ታዳሚው ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል። ከሁሉ የሚከፋው ልጆቹ ራሳቸው ይህን ፍርድ አምነው መቀበላቸው ነው። ጎበዝ የሚባለው ጊታር ተጫዋች «ለሰው ማሟሟቂያ አልሆንም» ብሎ ቤቱ ይቀራል፤ ጓደኞቹም ክብሩን ጠበቀ ይሉታል። እኔ ግን የጣለው ክብሩንም ትምህርቱንም ነው እላለሁ።

ይህ አስተሳሰብ የቆመው በአንድ ተረት ላይ ነው፤ ታላቅ ባንድ ጎበዞቹ ተሰባስበው፣ ቤት ዘግተው፣ አልበም ሠርተው በአንድ ጀንበር ይወለዳል በሚል ተረት። ሮክ የሚወዱ ወጣቶች ለማስረጃ የሚጠሩት ግራንጅ የሚባለውን የሲያትል የሮክ ስልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒርቫናና ፐርል ጃም አልበም አወጡ፣ ቴሌቪዥን አሳያቸው፣ ዓለም ተገለበጠ ይላሉ። ታሪኩን በቅርብ ያየ ሰው ግን ተቃራኒውን ያገኛል።

ፐርል ጃምን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 ማዘር ላቭ ቦን የተባለው የሲያትል ባንድ ድምፃዊ አንድሩ ዉድ በሄሮይን ሞተ፤ ባንዱም ፈረሰ። ጊታሪስቱ ስቶን ጎሳርድና ቤዚስቱ ጄፍ አመንት ማይክ መክሪዲን ጨምረው ዜማ ብቻ ያለበት ካሴት ቀዱ። ካሴቱ በሰው እጅ አልፎ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ደረሰ፤ እዚያ በነዳጅ ማደያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ኤዲ ቬደር የሚባል ወጣት ድምፁን ቀድቶበት መለሰው። በጥቅምት ሲያትል መጣ፤ ከጥቂት ቀናት ልምምድ በኋላ በወሩ 22ኛ ቀን ኦፍ ራምፕ በሚባል ትንሽ ቤት የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን አቀረቡ። ያኔ ስማቸው እንኳ ፐርል ጃም አልነበረም፤ ሙኪ ብሌሎክ በሚባል የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስም ይጠሩ ነበር።

ልክ በሁለት ወራቸው፣ ታኅሣሥ 22፣ ሙር ቴአትር ላይ አሊስ ኢን ቼይንስን ቀድመው ወጡ። በየካቲት 1991 ከዚያው ባንድ ጋር በምዕራቡ ጠረፍ ከተሞች ዞሩ። አዳራሹን የሞላው ሰው ትኬት የቆረጠው ለሌላ ነው። ዘፈኖቻቸውን የሚያውቅ የለም፤ በካሴትም በሬዲዮም አልወጡማ። በዚህ ሕዝብ ፊት ተፈትነው ካለፉ በኋላ ነው በመጋቢት «ቴን» የተባለውን አልበም ለመቅዳት ስቱዲዮ የገቡት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፦ መጀመሪያ የሰው ታዳሚ፣ ከዚያ ስቱዲዮ። የኛ ልጆች ግን መጀመሪያ ነጠላ ዜማ ያስቀዳሉ፣ ከዚያ ክሊፕ፣ ሕዝብ ፊት የሚቆሙት በመጨረሻ ነው።

አልበሙ በነሐሴ መጨረሻ ወጣ፤ መጀመሪያ ላይ ሽያጩ ዝግ ያለ ነበር። በመኸር ከሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ጋር ጉዞ ሲወጡ ከሦስት ባንዶች የመጀመሪያውና የትንሹ ቦታ ነበር የተሰጣቸው፤ ከእነሱ በኋላ ስማሺንግ ፓምፕኪንስ፣ ከዚያ ዋናዎቹ። ሰው መቀመጫውን እየፈለገ ይጫወታሉ። በመጀመሪያዎቹ ዝግጅቶች ዓይናፋር የነበረው ቬደር፣ ዓመቱ ሳያልቅ የመድረኩን ብረት እየወጣ ወደ ሕዝቡ የሚዘል ሰው ሆነ። ሁኔታው አስገደደው፤ ላንተ ያልመጣን ሰው ዞሮ እንዲያይህ ካላደረግከው ግማሽ ሰዓትህ አለቀ። የሚያስጀምርህ ጭብጨባ የለም፣ ታዳሚው አብሮህ የሚዘፍነው ዘፈን የለም፣ የተበላሸን ለማስተካከል ሁለተኛ ሰዓት የለም። የትኛው ዘፈን ቀድሞ መምጣት እንዳለበት፣ ድራሙ የት ላይ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

በዚያ ጉዞ መጨረሻ ላይ ኒርቫና የስማሺንግ ፓምፕኪንስን ቦታ ተካ። ታኅሣሥ 31 ቀን 1991፣ ሳንፍራንሲስኮ አጠገብ ባለው ካው ፓላስ፣ ፐርል ጃም አንደኛ፣ ኒርቫና ሁለተኛ ሆነው ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስን ቀድመው ተጫወቱ። በቀጣዩ ጥር 11 የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» አውርዶ የአሜሪካ ሽያጭ አንደኛ ሆነ። በአሥራ አንድ ቀን ልዩነት ነው! «ቴን»ም በዚያው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ማሟሟቂያነት የደካማ ቦታ ነው የሚል ሰው ይህን ምሽት ያስረዳኝ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ዋልያስ ባንድ አለ። ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሲጫወቱ ከፊታቸው የነበረው ሰው ሁሉ እነሱን ብሎ የመጣ አልነበረም፤ እራት የሚበላ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ነበር። ድምፃዊ ሳይወጣ መሣሪያው ብቻውን ቤቱን መያዝ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው በአብዛኛው ያለ ድምፃዊ የተሠራው «ቼ በለው» አልበም ከዚያ ሥራ የተገኘ ነው፤ በ2014 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰምቶታል። አጃቢ የሚባለው ባንድ ያለ ዘፋኝ ታሪክ ሠራ።

ብዙ ማሟሟቂያ ባንዶች ተረስተው ቀርተዋል የሚለኝ አለ። ዋና ተብለው ማታ የወጡትስ ስንቱ ተረሳ? ይጮኹብሃል፣ ያዋርዱሃል የሚልም አለ። በ1991 አሊስ ኢን ቼይንስ ከስሌየር፣ ከሜጋዴዝና ከአንትራክስ በፊት ሲወጣ ዕቃ ይወረወርበት ነበር፤ ከመድረክ አልወረደም። ይህ ክርክር ከዚህ በላይ ቃል አይገባውም።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በሀዲያና በከምባታ ብዙ ወጣት ኪቦርድ የነካው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። በኮንፈረንስ መዘምራን ከሰባኪው በፊት ይወጣሉ፤ ሰዓት መግፊያ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ግን የለም። ያንን ሕዝብ ያነቃቁት፣ ያስለቀሱትም እነሱ ናቸው። ይኸው ልጅ ወደ ስታዲየም ሲመጣ መጀመሪያ መውጣትን የሚያፍርበት ምን ምክንያት አለው?

የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ሳውንድ ቼክ መከልከል፣ ሞንታርቦውን በግማሽ ድምፅ መክፈት፣ «ጊዜ የለም» ብሎ በፕሌይባክ ማስዘፈን። ይህን የሚያደርገው አዘጋጁ ነው፤ ልጆቹ ሊጣሉ የሚገባቸውም ከዚህ ጋር እንጂ ከተራቸው ጋር አይደለም። እንዲያውም አንድ እርምጃ ልሂድ፦ ለሌላ ሰው በመጣ ሕዝብ ፊት ተጫውቶ የማያውቅ ባንድ ገና ባንድ አልሆነም፤ አልበም ቢኖረውም።

መስከረም ሲጠባ፣ ለያሆዴና ለመሳላ በዓላት ከየከተማው የሚመለሰው ወጣት ሆሳዕናንና ሀደሮን ሲሞላ፣ መድረክ የሚተክል አዘጋጅ ለአገሩ ባንድ ሙሉ ግማሽ ሰዓት፣ ሙሉ ድምፅ፣ በሀዲይሳና በከምባቲሳ የራሱን ዘፈን የሚጫወትበት ዕድል ይስጥ። ልጆቹም ቤዝ ጊታራቸውን አስተካክለው፣ ሜዳው ባዶ ቢሆንም፣ በሰዓታቸው ይውጡ።