ፌስታሉ የማን ነው?

«የኔ አንድ ፌስታል ምን ያመጣል?»

ይቺን አባባል ሶዶ ውስጥ ያልሰማሁባት ቦታ የለም። ሱቅ በር ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ጁስ ቤት፣ ፌስቡክ ኮሜንት ሥር። ጥያቄ ትመስላለች፤ ግን መልስ አትፈልግም። ተናጋሪው ፌስታሉን ጥሎ እንዲሄድ በር የምትከፍት ማለፊያ ናት። እኔ ግን ዛሬ እንደ ጥያቄ ተቀብዬ ልመልስላት ነው። መልሱ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ከመሬቱ አቀማመጥ እንጀምር። ሶዶ የዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳ ላይ ባለ ከተማ የጣሉት ነገር የጣሉበት ሊቆይ ይችላል። ተዳፋት ላይ ግን ሁሉም ይወርዳል። ክረምት ላይ ዳሞታ ጠቁሮ ዝናቡ ሲመጣ፣ ጎርፉ ቦይ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ፌስታል ቦዩን ከዘጋው ደግሞ ውኃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ የሰው ግቢ ነው። ከላይ ያለው ይጥላል፣ ከታች ያለው ይቀበላል። ከከተማው ያመለጠው የገበሬ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ሲታረስ ብቅ ይላል፣ ሲታረስ ይቀበራል፣ አይበሰብስም።

ከብቶቹንም አንርሳ። ወላይታ በምን ይታወቃል ብትሉኝ ሰንጋና ቅቤ እላችኋለሁ፤ እናንተም ሌላ አትሉም። በሀገራችን ቄራዎች በተደረጉ ጥናቶች ከታረዱ ከብቶች ጨጓራ ውስጥ በተደጋጋሚ ከተገኙት ባዕድ ነገሮች ዋናው ፌስታል ነው። ላም ፌስታልን ከሣር ለይታ አትተፋም፤ ጨው ወይም የምግብ ሽታ ካለበት ትውጠዋለች። ከዚያ ሆዷ ይታመቃል፣ ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል። አንድ ላም ላላት እናት ይህ «የአካባቢ ጉዳይ» አይደለም፤ የልጆች ደብተርና የቤት ኪራይ ነው።

እንግዲህ አንድ ፌስታል የሚያመጣው ይሄን ነው። አድራሻ አለው። ከጣይ እስከ ተጎጂ ያለው ርቀት አንዳንዴ መቶ እርምጃ አይሞላም።

አሁን ወደ ጎበዙ መከራከሪያ ልምጣ፤ ምክንያቱም እናንተ አንባቢዎቼ ሰነፍ መከራከሪያ አታመጡም። «ግለሰብን መውቀስ የትልልቅ ኩባንያዎች ተንኮል ነው» ትላላችሁ። እውነት አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ታዋቂ ሪፖርት ከ1988 ወዲህ ከተለቀቀው የኢንዱስትሪ ሙቀት አማቂ ጋዝ 71 በመቶውን ከ100 ነዳጅ አምራቾች ጋር አያይዞታል። «የካርቦን አሻራ» የሚለውን ቃል ሕዝብ አፍ ውስጥ ካስገቡት መካከል ራሱ አንድ ግዙፍ የነዳጅ ኩባንያ፣ ቢፒ፣ ይገኝበታል። ለዓለም ሙቀት መጨመር የሶዶ ሻይ ቤት ተጠያቂ ነው የሚል ሰው ቢመጣ ከእናንተ ጋር ሆኜ እሞግተዋለሁ።

ግን ቦዩን የዘጋው ሙቀት አማቂ ጋዝ አይደለም! ይህ መከራከሪያ የተወለደው የቆሻሻ መኪና በቀጠሮው በሚመጣበት ሀገር ነው። እዚያ ሰው የጣለውን ሌላ ሰው ከዓይኑ ያርቅለታል፤ ስለዚህ ስለ ራሱ ፌስታል ማሰብ ትርፍ ጭንቀት ሊመስለው ይችላል። እዚህ ግን ለአብዛኛው ቤት የቆሻሻው መጨረሻ ሦስት ነው፦ ቦይ፣ ጉድጓድ፣ እሳት። የሌላውን ሀገር ክርክር ተውሰን የራሳችንን ቦይ ስንደፍን «ንቃተ ህሊና» ብለን እንጠራዋለን። እኔ ስንፍና ነው እላለሁ፤ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ስንፍና።

ሁለተኛው ማምለጫ ድህነት ነው። «ድሃ ሕዝብ ስለ ፌስታል የሚያስብበት ጊዜ የለውም» ይባላል። ይሄኛው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ታሪካችንን የካደ ነው። የወላይታ ገበሬ ከቤቱ ጎን ያለችውን ማሳ ዳርኮዋ፣ ራቅ ያለችውን ሾቃ ይላታል። ዳርኮዋ ለምነቷን ያገኘችው ከፋብሪካ አይደለም። የከብቱ እበት፣ የምድጃው አመድ፣ የጓዳው ትራፊ፣ የቤቱ ጥራጊ በየቀኑ እየተወሰደ እዚያ ይደፋል። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ እዚያ ይበቅላል። «ቆሻሻ» የምንለው ነገር እዚያ ቤት ውስጥ ቦታ ነበረው፣ ሥራም ነበረው። ቅቤ በኮባ ይጠቀለል ነበር፣ ቆጮ በኮባ ይታሰር ነበር፤ ኮባው ሥራውን ሲጨርስ ከብት ይበላው ነበር፣ ወይም አፈር ይሆን ነበር። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሀብታሞች አይደሉም። ድህነት ፌስታል አላመጣብንም። እንዲያውም በዓይናችሁ ቁጠሩ፦ ከገበያ ብዙ ፌስታል ይዞ የሚወጣው ብዙ የገዛው ነው።

ሦስተኛው ማምለጫ ዘመቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቲሸርት ይታደላል፣ መጥረጊያ ይያዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ «ጽዱ ከተማ» ተብሎ ይለጠፋል። ከዚያ ተሳታፊው የጠጣበትን ሃይላንድ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ዘመቻን አልጠላም፤ ግን ዘመቻ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። ቆሻሻው ግን ነዋሪ ነው።

ዘመቻ ያልሆነ ነገር ማየት የሚፈልግ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሁምቦ ይውረድ። የሁምቦ ተራራ ለአሥርት ዓመታት ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሮ ተራቁቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥንና ከዓለም ባንክ ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው እንዲያገግም አደረጉ። ሥራው በአብዛኛው ችግኝ ተከላ አልነበረም፤ ከመሬት በታች ነፍሱ ያልወጣ ጉቶና ሥር ነበር። ከብት እንዳይገባ ከለከሉ፣ የሚያቆጠቁጠውን መርጠው ገረዙ፣ ጠበቁ። በቃ። በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፣ ደንብ አወጡ፣ ሣሩን አጭደው ተካፈሉ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ሲመዘገብ፣ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ተገመተ። ከካርቦን ሽያጩ ገንዘብ አገኙ።

«አንድ ሰው ምን ያመጣል?» ለሚለው ሁምቦ ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፣ ያንን ጫካ ያመጡት አንድ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ሌላ ማንም አልነበረም። ሁለተኛ፣ አንድ አንድ ሰው ሆነው ቢቀሩ ኖሮ አያመጡትም ነበር። ደንብ ነበራቸው፣ ተጠያቂነት ነበራቸው፣ ጥቅሙም ይደርሳቸው ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ስለ ፌስታል እንዲጸጸት አልጠይቅም። ጸጸት ቦይ አይከፍትም። የምፈልገው ደንብ ነው።

«ደንብማ አለ፣ ሕግ ወጥቷል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ወጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ገድቦ ነበር። ከዚያስ? ጉልት ሄዳችሁ ቲማቲም የገዛችሁበትን ስስ ጥቁር ፌስታል በጣታችሁ ዳስሱት፤ መልሱን ይነግራችኋል። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል፣ ተጠቃሚውንም ጭምር በሺዎች ብር የሚቀጣ አዋጅ አጸደቀ።

እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 ከልክለዋል፤ እኛ ዘግይተናል። የምፈራው ቅጣቱ ከማን እንደሚጀምር ነው። ጉልት የተቀመጠችው እናት የአምስት መደብ ቲማቲም ትርፏ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደንብ አስከባሪ ጠዋት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው፤ አትሮጥም፣ ስልክ የምትደውልለት ሰውም የላትም። ፌስታሉን በካርቶን የሚያወርደው አከፋፋይ ግን መጋዘኑ በር አለው። ሕጉ ከመጋዘኑ ከጀመረ ሕግ ነው። ከጉልቱ ከጀመረ ግን ድሃ ማሳደጃ ነው የሚሆነው፣ ፌስታሉም አይጠፋም።

ይህን የምለው ግን እኛ ገዢዎቹ ነጻ እንድንወጣ አይደለም። ጉልት ያለችው እናት ፌስታል የምትገዛው እኛ ባዶ እጃችንን ስለምንሄድ ነው። ከዋጋዋ ላይ ቀንሳ ነው የምትሰጠን። እናቶቻችን ዘንቢል ሳይዙ ገበያ አይወጡም ነበር። እኛ ግን ዘንቢል ይዞ መታየት «ፋራ» ይመስለናል፤ የሁለት ሺህ ብር ጫማ አድርገን ሽንኩርት በጥቁር ፌስታል አንጠልጥለን መሄድ ግን አራዳነት ሆኗል። እንዴት ነው ነገሩ?

ወደ ንግዱ ልምጣ። አነስተኛ ንግድ ያላችሁ፣ ወይም ልትጀምሩ የምታስቡ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ሱቅ በቀን 40 ፌስታል ቢሰጥ በዓመት 14,600 ይሆናል። ሱቁ ትንሽ ነው፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ አይደለም። ያንን ደግሞ በገንዘቡ ገዝቶ ነው በነጻ የሚሰጠው። በር ላይ «ዘንቢል ይዘው ይምጡ፤ ፌስታል በክፍያ ነው» ብሎ መለጠፍ ደንበኛ ያባርራል ይባላል። ጎረቤት ሱቆች ተነጋግረው አንድ ቀን ቢጀምሩት ማን ወዴት ይባረራል?

ጀበና ቡና የምታፈሉ እህቶች፣ የቡናው አተላ ቦይ ውስጥ የሚደፋ ነገር አይደለም። ለአትክልት ብስባሽ የሚሆን ወርቅ ነው፤ ጓሮ ያለው ሰው ባልዲ ይዞ ቢመጣ ደስ ብሎት ይወስደዋል። ጁስ ቤቶች፣ የአቮካዶና የማንጎ ልጣጩ ከፌስታልና ከስትሮ ጋር ተቀላቅሎ ሲወጣ ከብትም አይበላውም፣ ማዳበሪያም አይሆንም። ሁለት በርሜል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጋራዦች፣ የተቃጠለው ዘይት መሬት ላይ ሲደፋ የሚሰርገው የአንድ ሰው ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ነው። ምግብ ቤቶች፣ ትኩስ ሽሮ በፌስታል ቋጥሮ መስጠት ይቅር፤ ደንበኛው ሳህን ይዞ ይምጣ። ድሮም ይዞ ነበር የሚመጣው።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል ይቁም። ያ ጥቁር ጭስ መርዝ ነው። የሚተነፍሰውም ምድጃው አጠገብ ያለችው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። ከሰሉ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ ሦስት ግድብ በዚሁ በወላይታና በዳውሮ መካከል ቆሞ፣ እኛ ግን የሁምቦን ዓይነት ጫካ እያነደድን ቁርስ እንሠራለን። ለዚህ መብራት የሚያጠፋብን እንጂ ምጣድ የሚገፋው ሰው ተጠያቂ አይደለም። ይህን የሚመለከተው አካል ጠረጴዛ እየመታችሁ ጠይቁት። የራሳችሁን ቦይ አጽድታችሁ ስትጠይቁ ድምፃችሁ ይበልጥ ይሰማል።

«መንግሥት ይሥራው» ማለት የሚያስከትለውን አዲስ አበባ አይተናል። የከተማው ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ቆሼ ላይ ተከመረ። ሁሉም ከቤቱ አውጥቶ ላከው፣ ከዓይኑ ሲርቅ አለቀ ብሎ አሰበ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። የሞቱት ጥላቸው ከክምሩ ሥር ያረፈ ድሆች ነበሩ እንጂ ቆሻሻውን ያመረቱት አልነበሩም። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ በየቀኑ እያደገች ነው። የራሷን ቆሼ ከመከመሯ በፊት ለመነጋገር አሁንም ጊዜ አላት።

መነጋገሪያውም አለን። እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ያልመጣውን የሚቀጣ፣ ሒሳቡን በደብተር የሚይዝ ተቋም እያለን ስለ ቦዩ ለምን ዝም ይላል? የእያንዳንዱ እድር ደንብ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ ከበሬ ፊት ያለው ቦይ የኔ ነው፤ ደረቁንና የሚበሰብሰውን ለይቼ አወጣለሁ፤ ለተደራጁት ቆሻሻ ሰብሳቢ ወጣቶች ክፍያውን በወቅቱ እከፍላለሁ። ለኢንተርኔት ፓኬጅ የማንከራከረውን ገንዘብ ጋሪ እየገፉ ቆሻሻችንን ከሚያነሱልን ልጆች ጋር መከራከር ነውር ነው።

መስከረም ላይ «ዮዮ ጊፋታ» ተባብለን አዲስ ዓመት ስንቀበል ቤቱ ሁሉ ይጸዳል፣ የተጣላም ይታረቃል። ዘንድሮ ቤታችሁን ጠርጋችሁ ስትጨርሱ በሩን አትዝጉ። ያወጣችሁትን ቆሻሻ ተከትላችሁ ተዳፋቱን ውረዱና የማን ደጅ ላይ እንዳረፈ እዩ። ከዚያ ባለቤቱን «እንደምን ዋላችሁ» በሉት።