የሐኪም ቃልና የንግድ ጥቅም

ተላላፊ በሽታ የነጋዴን መንገድ ተከትሎ እንደሚጓዝ ከጥንት የታወቀ ነው። መርከብ እህልና ጨርቅ ይዞ በሚገባበት ወደብ፤ ደዌም ያለ ይለፍ ወረቀት አብሮ ይገባል። ስለዚህ ወረርሽኝ በታየ ቍጥር ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ «ፈጥኖ ይነገር» የሚል የሐኪም ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው «ገበያው እንዳይፈታ ነገሩ ይቈይ» የሚል የጥቅም ድምፅ ነው። ከሁለቱ ለነጋዴው ራሱ የሚበጀው የትኛው እንደ ሆነ የኢጣሊያዊው ሐኪም የዶክተር ካርሎ ኡርባኒ የሥራ ዘመን ያስረዳል።

ዶክተር ኡርባኒ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. በማርኬ አውራጃ በካስቴልፕላኒዮ ተወለዱ። በአንኮና ሕክምና ተምረው በተላላፊ በሽታዎች ከሠለጠኑ በኋላ በማቸራታ ሆስፒታል አገለገሉ። በአገራቸው ተደላድለው መኖር ሲቻላቸው፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ማኅበር ጋር ወደ ካምቦዲያ ሄደው፤ የድኾችን ልጆች የሚያደክመውን የሆድ ትልና ብልሃርዝያን ተዋጉ። ማኅበሩ በ1999 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበል ከልኡካኑ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ከዚያም የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያ ሆነው በቬትናም ዋና ከተማ በሃኖይ ተቀመጡ።

በየካቲት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. የሃኖይ የፈረንሳይ ሆስፒታል ጠራቸው፤ በሆንግ ኮንግ በኩል የመጣ አንድ ነጋዴ ሳንባው ተይዞ ነበር። ብዙም ሳይቈይ ያስታመሙት ሠራተኞች ተራ በተራ ወደቁ። ዶክተር ኡርባኒ ደዌው አዲስ መሆኑን ተረድተው በየቀኑ ወደ ሆስፒታሉ እየሄዱ ናሙና አስወሰዱ፤ ሕሙማኑ እንዲለዩ አደረጉ፤ ለድርጅታቸውም አስታወቁ። በመጋቢት 9 ቀን ከቬትናም የጤና ሹማምንት ጋር ለረዥም ሰዓት ተነጋግረው፤ አደጋው እንዳይሸሸግና የውጭ ባለሙያዎች እንዲገቡ አሳመኑ። በ12ኛው ቀን ድርጅቱ ለዓለም ሁሉ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እርሳቸው ግን በዚያው ደዌ ተይዘው፤ በመጋቢት 29 ቀን በባንኮክ በ46 ዓመታቸው ሚስትና ሦስት ልጆች ትተው ዐረፉ።

ሳርስ የተባለው ይህ በሽታ ከ8,000 በላይ ሰው ይዞ 774 ገደለ። በቬትናም የተያዙት 63፤ የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ፤ በሚያዝያ 28 ቀንም ወረርሽኙን በመግታት ከተያዙት አገሮች የመጀመሪያዋ መሆኗ ታወጀ። በቻይና ግን ደዌው ከኅዳር 2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጓንግዶንግ ሲዛመት ወሬው ለወራት ታፍኖ ቈየ፤ በመጨረሻ የጤና ሚኒስትሩና የቤይጂንግ ከንቲባ ከሹመታቸው ተነሡ። ዝምታው ገበያውን አላዳነም፤ በሆንግ ኮንግ ሆቴሎች ባዷቸውን ቀሩ፤ አውሮፕላኖችም መንገደኛ አጡ።

የነጋዴው ፍርሃት ግን ከንቱ ነው አይባልም። ከሳርስ በኋላ በ2005 ዓ.ም. የተሻሻለው የዓለም የጤና ደንብ መንግሥታት አደጋውን መርምረው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስታውቁ ያዝዛል፤ በአንጻሩም ጕዞና ንግድ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይታጐል ያሳስባል። ሆኖም ደቡብ አፍሪካ በኅዳር 2021 ዓ.ም. ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ ሳትደብቅ ባስታወቀች ጊዜ፤ ብዙ አገሮች በጥቂት ቀኖች ውስጥ በረራ ዘጉባት። እውነት የተናገረ ሲቀጣ ያየ ሌላው፤ በሚቀጥለው ጊዜ አፉን ቢይዝ ሊያስደንቅ አይችልም።

እንግዲህ ግዴታው የሁሉም ነው። አስተዳዳሪ የመጀመሪያውን ወሬ ያመጣለትን ሐኪም እንደ ሁከት አስነሺ ሳይሆን እንደ ዘብ ሊያየው ይገባል። ነጋዴም በመርከቡ ወይም በመጋዘኑ የታመመ ሠራተኛ ሲያይ ሳይሸሽግ ማስታወቅ አለበት፤ መንግሥትም ስለ ሕዝብ ጤና ሱቁ የተዘጋበትን ሰው ኪሣራውን ብቻውን እንዲሸከም ሊተወው አይገባም። እውነት የተናገረ ሳይጐዳ የሚኖርበት ሥርዓት ከሌለ፤ ደንቡ በወረቀት ላይ ይቀራል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ለአንድ ሰው እንደሚሠራ ሁሉ ለከተማና ለገበያም ይሠራል። ዶክተር ኡርባኒ የሃኖይን ሹማምንት ያሳመኑበት ቃል ሕይወታቸውን ቢያስከፍላቸውም፤ ለብዙ ቤተ ሰብ አባትን፤ ለብዙ ነጋዴም ገበያን አትርፎለታል። እንዲህ ያለውን ሐኪም ከሞተ በኋላ ማመስገን ቀላል ነው፤ የሚበልጠው ግን በሕይወት ሳለ ቃሉን መስማት ነው።