ዜና አንባቢዋ ትመለስ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ነው። ስሟን አልጽፍም፣ እሷም አትፈልግም። የሰኞን ዜና ታነብ እንደነበር ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት «ድምፅሽ አይሰማም» ተባለችና በሌላ ልጅ ተተካች። በእኔ አስተያየት ይህ ትክክል አይደለም። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነበር፣ ማለትም የነካካነው የእኛ።

ዜናው ዓርብ ከሰዓት በክበቡ ዴስክቶፕ ይቀዳል፤ ሰኞ በሰልፍ ሰዓት በአምፕሊፋየር አልፎ በሞንታርቦ ይለቀቃል። ያለነው ልደታ ነው። ባቡሩ አለ፣ ታክሲው አለ፣ የ1ኛ ክፍል ልጆችም ሰልፍ ላይ ዝም አይሉም። ስለዚህ ከፍ እንዲል ብለን አንዱ የክበባችን ልጅ በፍላሽ ያመጣውን ድምፅ መጨመሪያ ጫንን። (ከየት እንዳመጣው እስካሁን አይናገርም!) እስከ መጨረሻው ገፋነው። ሰኞ ምን እንደወጣ ታስታውሳላችሁ፦ «ክርርርር»። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሷ ባንዲራ መስቀያው አጠገብ ቆማ ነበር። ፍላሹም ቫይረስ ነበረበትና የአይሲቲ መምህራችን ኮምፒውተሩን በፓስወርድ ቆለፉት። አልፈርድባቸውም።

ለምን ክርር አለ? ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ ጣሪያ አለው፤ 0 ዴሲቤል ይባላል። ከዚያ በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ስኒው ከሞላ በኋላ ቡና ብትቀዱበት ረከቦቱ ላይ ነው የሚፈሰው። የተቆረጠውን ደግሞ አምፕሊፋየሩ አይመልሰውም፣ እንዲያውም ያጎላዋል።

ባለፈው ሳምንት መምህራችን አጠገቤ ቁጭ ብለው «ኢኳላይዘር ኤፒኦ» የሚባለውን አውርደን ጫንን። ለዊንዶውስ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ክራክ ምናምን አይፈልግም። ሲጫን የድምፅ መውጫዎችን ዘርዝሮ የትኛው ላይ እንዲሠራ እንደምንፈልግ ይጠይቃል። እኔ ቸኩዬ የሞኒተሩን መረጥኩ። ሪስታርት አደረግን፣ ምንም ለውጥ የለም። ቁጥሩን ብቀያይር፣ ምንም! ግማሽ ሰዓት ከለፋን በኋላ መምህር «አምፕሊፋየሩ የተሰካው የት ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። መምረጫውን ከፍተን ስፒከር የሚለው ላይ ምልክት አደረግንና እንደገና ሪስታርት። (ዊንዶውስ ውስጥ የድምፅ ማሻሻያዎችን የሚያጠፋው ምልክት ካለም አይሠራም፤ እሱንም አይተናል።)

ከዚያ ያንኑ የተሳቀበትን ቅጂ ከፈትን። ቅጂው ራሱ ደህና ነበር! ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ጉምጉምታ ቀነስን። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ፈ»ን ከሌላው የምንለየው በቀጭኑ ድምፅ በኩል ስለሆነ 3000 ኸርዝ አካባቢ 5 ዴሲቤል ጨመርን። ጣሪያውን እንዳይነካ ጠቅላላውን በ5 ዴሲቤል ዝቅ አደረግነው። ጉልበቱን ከአምፕሊፋየሩ ወሰድን። የጥበቃው አባባ ከውጭ በር ሆነው «ስለ ላይብረሪው ሰዓት ነው አይደል የምታወራው?» አሉ። ከውጭ በር!

አንዳንድ የክበቡ አባላት «ጮክ ብሎ የሚያነብ እያለ ለምን እንለፋለን?» ይላሉ። የተካት ልጅ ጓደኛዬ ነው፣ አይቀየመኝም፤ ግን አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም። እሷ ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ ለትንንሾቹም ይገባቸዋል። የክፍሏ ልጆች እንደነገሩኝ ከዚያ ሰኞ ወዲህ በትምህርት ሰዓትም እጇን አታወጣም። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፄ መጥፎ ነው ብላ አምናለች፣ እኛም ዝም አልናት።

ክበቡን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከማንም ፍላሽ ፕሮግራም አይጫን፤ የሚጫነውም መምህር ባሉበት ይሁን። ሰኞ ደግሞ እሷ ታንብብ። ኮምፒውተሩ ጋ እኔ እቀመጣለሁ። ካልተሰማች ከክበቡ እኔን አውጡኝ።